ትርፍ

ሶሃር ወደብ ዳር፥ ጨው የበላው አጥር ከቆመበት ማዶ፥
አንድ ምድጃ ነበር፥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀንና ሌት ነዶ፤
አሸዋ የሚጎርስ፥
ጠርሙስ የሚወልድ።
እኔ ከመብራቱ ፊት ቆሜ፥ ስንጥቁን ከደህናው የምለይ፥
በአንድ ፈረቃ ሰላሳ ሺህ አንገት ሲያልፍ የማይ።

ኢንጂነር ኻልፋን በነበረ ጊዜ፥
እኩለ ሌት ላይ ዲሽዳሻውን ሰብሰብ አድርጎ ይመጣል፤
ቢሮው ሳይገባ፥ ከምድጃው ጎን በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤
ጡቡን ሳይነካ፥ በጆሮው ያደምጣል።
“ሞክሌስ፥ ዛሬ እሳቱ ምን አለህ?” ይላል፥ ጠራጊውን።
ሞክሌስ መጥረጊያውን ተደግፎ ያስባል፤
“በምሥራቁ ጥግ ሳል አለበት፥ ጌታው” ይለዋል።
በነጋታው ግንበኛ ይጠራል።
ዓመት በመጣ ቁጥር፥ ከትርፉ ላይ ለጡብ የሚሆን ይቆነጥራል፤
ባለ አክሲዮኖቹ ያጉረመርማሉ።
እሱ ሻዩን ያማስላል።

ከዚያ ጡረታ ወጣ።
ከዚያ ናዲም መጣ።

ናዲም ክፉ አልነበረም። ስማችንን በሳምንት ያዘ፥
የምሳ ቤቱን ማቀዝቀዣ ቀየረ፥ ለልደታችን ኬክ አዘዘ።
ምድጃውን ያየው ግን በወረቀት ላይ ነበር፥
ከወጪው ዓምድ ሥር፥ በቀይ የተጻፈ ቁጥር።
“ጡቡ ዘንድሮ ይቆይ።”
ቆየ።
“ለከርሞም ይቆይ።”
ቆየ።
ትርፉ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ የግድግዳው መስመር ሽቅብ ወጣ፤
ከሙስካት ሽልማት፥ ከዱባይ ሹመት መጣ።
ሞክሌስን የጠየቀው የለም።
እኔም አልጠየቅሁትም። እዚህ ላይ ንጹሕ አይደለሁም።

በሐምሌ፥ ናዲም በሄደ በአርባኛው ቀን፥
የምሥራቁ ጥግ ተከፈተ፤
የቀለጠው ብርጭቆ እንደ ማር ወለሉ ላይ ተጎተተ።
ሰው አልሞተም።
እሳቱ ሞተ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚህ አሸዋ ላይ ቅጠሉ ጡብ ነበር፥ ማንም አልቀነጠሰው።

ዛሬ ኻልፋን መጣ፥ ከዘራውን ይዞ፤
ከቀዘቀዘው አፍ ፊት ቆመ፥ ጥቂት ተክዞ።
እንደ ለቀስተኛ ወንበር ሰጠነው።
አልተቀመጠም። ሞክሌስን ፈልጎ፥ “ምን ብሎህ ነበር?” አለው።
“ሁሉንም ነግሮኛል፥ ጌታው። ለማን ልናገረው?”

በእኔ ቋንቋ፥ ትርፍና መትረፍ ከአንድ ሥር ይበቅላሉ።
ይህን ልነግረው፥ በሰባራ ዐረብኛዬ አፌን ሳሟሽ፥
መዳፉን አየሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያልነካውን ጡብ
ቀስ ብሎ ሲዳብስ።
የካምፑ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ።
ሮጥሁ።