ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ውሻው እንኳ ደክሞት ከመጮህ ብዛት፣
ብልቃጤ ይሽከረከራል በሞቀው ዘይት ውስጥ፤
ቢጫውን ፈሳሽ አያለሁ፣ እስኪለወጥ።

ኦቦ ገመዳ ገቡ፣ ባትሪያቸውን አጥፍተው፣
ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ወንበር ጎትተው።
«አንቺ ልጅ፣ ምንድነው እንቅልፍ የሚነሳሽ?
ጠላ እንኳ ብቻውን ይፈላል፤ ይኼ ምን ቢሆን ነው የያዘሽ?»

«ሁለት ቀለበት አለ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን፤
አንዱ ብሮሚን አግብቷል፣ አንዱ ተጣብቋል ከቦሮን።
ጎን ለጎን ቢያድሩ፣ ጎን ለጎን ቢከርሙ፣
ዓመት ቢፈሉ እንኳ ከቶ አይስማሙ።
መሐል የሚገባው ፓላዲየም ነው፣ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ።
መጀመሪያ ብሮሚኑን ያፋታል፣
ቀጥሎ ከቦሮን እጅ ሌላውን ይረከባል፣
ሁለቱንም ለአፍታ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና
ካርቦንን ከካርቦን አጋጥሞ ይወጣል፣ እንደ ገባው፣ በጤና።
ከዚያ ሌላ ጥንድ። ከዚያም ሌላ።»

«ገባኝ» አሉ፣ «ደላላ ነው።»
«ነው። ግን ኮሚሽን አይቀበልም።»
ሳቁ። ወንበሩ ሲጥ እስኪል ሳቁ።
«እንግዲያስ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለም!»

እኔ የቆምኩበት ሴራሚክ የሳቸው ማሳ ነበር፤
አንድ ዓመት ሽምብራ፣ አንድ ዓመት ጓያ።
ደላላው ከገዢም በላ፣ ከሻጭም በላ፤
ለሳቸው የደረሳቸው ካፖርትና ፊሽካ።

መብራት ሄደ።
በጨለማ ስዳብስ ክርኔ የናይትሮጂኑን ቱቦ ነቀለው።
ጄኔሬተሩ አስሎ አስሎ እስኪነሳ
ቢጫው የለም። ብልቃጡ ጥላሸት ለብሷል።

«ሞተ?»
«አልሞተም። አየር ሲነካው እርስ በርሱ ይሰበሰባል፣
ይጠቁራል፣ ሥራ ይፈታል።»
እሱን ለማስመጣት ዶላር ሰባት ወር እንደጠበቅን
አልነገርኳቸውም።

አጣራሁት። ወረቀቱ ላይ የቀረውን
ጎንበስ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ሊነኩት ብለው ተዉት።
«ዋልካ ይመስላል» አሉ። ዝም አሉ። ከዚያ፣
«ዋልካ ሲያዩት ነው እንጂ፣ ዝናብ ካገኘ ያበላል።»
ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት፣ ቀኑን ጻፍኩበት፤
በአሲድ ታጥቦ የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል።

ትንሿን ሳህን ሐምራዊው መብራት ሥር አስገባሁ፦
ሁለቱ ነባሮች፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤
በመካከላቸው አንድ ነጥብ፣ ትናንት ያልነበረች፣
ደብዛዛ።

«ተጋቡ?»
«ጥቂቶቹ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ባትሪያቸውን አበሩ፤
ወደ በሩ ሄዱ፣
ጎተራቸው ወደነበረበት።