አሻራ

ስድስት ክረምት ሙሉ፣ ኤድመንተን ላይ ሲነጋ፣
ከመስታወት ሳጥኔ፣ ላንዱ አግዳሚ ሳነሳ፣ ላንዱ ስዘጋ፣
ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ፣ ቲኬት ስሰጥ ኖሬ፣
ማን እንደተረፈለት፣ ማን እንደቀረበት፣
ከመሪው በላይ ካለ ፊት ላይ ሳነብ አድሬ፣
ያቺ ቁራጭ ወረቀት ስንት እንደምትከብድ
አላወቅሁም ነበር፣ እኔው እሷን ይዤ አራተኛ ፎቅ እስክሄድ።

ባሮክን ቀሎት ነበር። ሁለት ቀን ማስነጠስ፣ አንድ ሌሊት ትኩሳት፤
«ልጅ ላይ አይጠናም» አሉን፤
እኛም ለእፎይታ ቸኮልን፣ ለመርሳት።
በወሩ
ዓይኑ ደም መሰለ፤ ምላሱ እንጆሪ፤
እናቱ «ትርፍ አንጀት ይሆናል» አለች፤ እኔ፣ ያለ ትምህርት መርማሪ፣
«የበላው ነው» ብዬ ዝንጅብል አፈላሁ።

ልቡ ኖሯል ለካ።
አሥራ አንድ ዓመት አብሮን ሲኖር ድምፁን ያልሰማነው፣
ትርታው ሲዛባ ስሙን የጠራነው።
ሐኪሟ ወረቀት አጥታ፣ ጓንቷ ላይ ሳለችልን፣ በሰማያዊ ቢክ፤
«ቫይረሱ ከወጣ ቆይቷል» አለች፤ «ይኼ የገዛ ገላው ነው፤
ሌባው ከሄደ በኋላ፣ ቤቱን በጨለማ የሚደበድበው።»

ሕጉ አንድ ወላጅ ብቻ። እኔና ትርሲት ስንቀያየር፣
በማስክ አፍ፣ ከሳጥኔ ሥር፣
«ሽንቱ?» «መጣ።»
«ግፊቱ?» «ሰባ በአርባ።»
ቁጥር ብቻ አወራን ያን ሰሞን፣ ሆድ እንዳይባባ።
ሬናቶ፣ የሥራ ጓዴ፣ ቲኬቴን ሳያይ አግዳሚውን ያነሳል፤
ቀና ብሎ አያየኝም። ፊት ማንበብ እሱም ይችላል።

ከጎን ክፍል ያለው ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማሽን ይተነፍስለታል።
ጫማው ከአልጋው ሥር፣ ትልቅ፣ ጭቃ የነካው፣ ክሩ እንደታሰረ ተቀምጧል።
ሐሙስ ጠዋት ሳልፍ፣ ወለሉ ተወልውሏል።
ጫማው የለም።
አልጠየቅሁም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባሮክ ወጣ። መኪናው ውስጥ ቀበቶውን ሳስርለት፣
የጣቶቹ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፏል።
ስልኩን አወጣ፤ አውራ ጣቱን ጫነበት።
አልከፈተም።
ሱሪው ላይ ጠረገው። ደግሞ ጫነ።
«አባዬ፣ አላወቀኝም እኮ!» ብሎ ሳቀ፣ ከስንት ቀን በኋላ።
ጣቱን ያዝኩት። አዲሱ ቆዳ ሮዝ ነው፤ መስመር ገና አላወጣም፤
ይሞቃል።
ከኋላዬ ጡሩምባ ይነፋሉ። ሬናቶ አግዳሚውን አንስቶ ቆሟል።
ስልኩ፣
«እንደገና ይሞክሩ» ይላል።