ያላፈሰሰው

በርሜሉ ከአጋሮ ነው፤ ቡና ሲያጥብ የኖረ፣
በጨረታ ገዛሁት፣ ጎኑ እንደተቦረቦረ።
ቧንቧው ከሄርማታ መርካቶ፣ በኪሎ ተመዝኖ፣
ቴርሞሜትሩ ከጎረቤት፣ ከወተት ቤቱ ተለምኖ።
ሦስት ደረጃ ብረት። ላይ ውኃ፣
መሀል ብቅል፣ ጌሾው ከታች ይፈላል፤
«ምን ሊጠምቅ ነው፣ ናፍጣ?» ብላ ትስቃለች አስካል።

ብየዳው ግን የነዚፍ ነው፤ አጂፕ ሰፈር ያለው፣
ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቅ፣ ከጁምዓ የማይቀረው።
ፈራሁ። «ለማር ማጣሪያ ነው» አልኩት።
በጎማ መንፊያ አየር ሞላ፣ ስፌቱን በሳሙና ቀባ፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ፤
አንዲት አረፋ ብቅ ስትል፣ ሙሉውን ስፌት ቆረጠ።

«ጌሾ ሸቶኛል» አለ ቀና ሳይል፣ «አትልፋ በመዋሸት፤
የኔ ሥራ ቀዳዳው ነው፤ የውስጡን አንተ ተጠየቅበት።»

የመጀመሪያው ጥንስስ ቅዳሜ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅር፣
መብራት ጠፋ እኩሌታ ላይ፤ በከሰል አለቀ የቀረው ነገር።
ጎምዛዛ ወጣ። ጎረቤት ለይሉኝታ ቀመሰው፤
አስካል የእናቷን ጋን አወጣች፤ ምንም ሳትል አጠበችው።

በሳምንቱ ነዚፍ መጣ። ከደጅ ቆሞ፣
«አፈሰሰ?»
«አላፈሰሰም።»
«አንዲት ጠብታ?»
«አንዲትም።»
«እንግዲያ ደህና ነው» ብሎ፣ የሰጠሁትን ውኃ ጠጣ፤
እኔም ከጎምዛዛው ቀድቼ
አብሬው ቆምኩ በረንዳው ላይ፣ ጀንበር እስክትወጣ።