ሦስት ሳጥን

መጋቢት ሲጋመስ፣ ሌዮን በፀሐይ ስትግል፣
ወረቀት ታቅፌ ከደጅ ደጅ ስዞር ስውል፣
ማዘጋጃ ቤቱ ያስያዘኝ ጥያቄ አንዲት ብቻ ናት፤
«ፈጣኑ አውቶቡስ እስከ ሰሜን ዳገት
መስመሩ ይቀጥል?» መልሱም ሦስት ሳጥን፤
እደግፋለሁ። እቃወማለሁ። አላውቅም። በቃን።
ሰዉ «አባጨጓሬ» ይለዋል፣ ረጅም ነውና፣ ወገቡም ይታጠፋል፤
የሚኮሰኩሰው ግን ማንን እንደሆነ ገና ይጠየቃል።

መጀመሪያ ዶን ክሪሴንሲዮ፣ ሶል ለጣፊው ሰው፤
እንግዳን ከሱ ቀድሞ የሙጫው ሽታ ነው የሚቀበለው።
«ልጄ» አለኝ፣ ከአፉ ሚስማር ሳያወጣ፣
«መንገዱ ሲቆፈር ደንበኛዬ በየት በኩል ይምጣ?
ስምንት ወር ያሉትን እኔ በእጥፍ እቆጥራለሁ፤
ሲያልቅ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀድሜ እሳፈራለሁ።»
የቱ ጋ ልጻፈው? ሚስማሩን ተፍቶ ሳቀብኝ፤
እስክሪብቶዬ በሁለት ሳጥን መሃል ቆሞ ቀረብኝ።

ኤዱቪሄስ በሯን የከፈተችው ዓይኗን እያሸች፤
የሌሊት ጽዳት ናት፣ ገና ጋደም ማለቷ ነበር፣ ተቆጣች።
«ሁለት ሚኒባስ፣ በመሃሉ ግድግዳ ተደግፎ መቆም፤
ጻፊ፣ እደግፋለሁ፤ ደግመሽ ጻፊ፣ በደማቅ ቀለም።
ስብሰባውን ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ማን ነው የጠራ?
የምንደግፈው ሁሉ ያኔ ወይ እንቅልፍ ላይ ነን ወይ ሥራ።»

ቴኦዱሎና ሚስቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጣሉ፤
«ግብሬን ሊበሉ!» «ጊዜዬን ሊመልሱ!» እያሉ።
የተሞላው ተሰረዘ፣ የተሰረዘው ታደሰ፤
ክርክሩ ከአውቶቡስ አልፎ አማት ቤት ደረሰ።
ትንሿ ልጃቸው መጥታ ሳጥኑ ውስጥ ዶሮ ሣለች፤
መስመሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ ምናልባት እሷ ለሥራ ትደርሳለች።

በላይኛው ሰፈር አጥሩ ላይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤
«ጃካራንዳችንን አትንኩ» ይላል።
ባልታሳር፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ በብርጭቆ፣
በትሕትና አወራኝ፣ ቃሉን መርጦ፣ ድምፁን ጠብቆ፤
«አውቶቡስን ማን ይጠላል? ለከተማው መልካም ነው።
ብቻ በሌላ ጎዳና ይሁን። በእኛ በኩል ለምን ነው?»
ሌላው ጎዳና ላይ ጠይቄ ነበር፣ ትናንት በአሥር ሰዓት፤
ያሉኝ ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል፣ ያለ ልዩነት።
ዛፉ ግን ውብ ነው፣ አልዋሽም።
ስወጣ አንድ ሐምራዊ አበባ ከላይ ወርዶ
ሦስቱንም ሳጥን ሸፈናቸው፣ ወረቀቴ ላይ ተጋድሞ።

ናቦር፣ የአሮጌው አውቶቡስ ሾፌር፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰማኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በመዳፉ ያለሰለሰውን መሪ አሳየኝ።
ሌላ ምንም አላለም።
ዝምታ ስንት ድምፅ ነው? የሚል አምድ የለኝም።

ዳገቱ አናት ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራው በሚጀምርበት፣
ዶኛ ኦቲሊያ ተቀምጣለች፣ ባልዲ ገልብጣ፣ በደጇ ፊት።
«አራተኛዋ ነሽ» አለችኝ፣ «ወረቀት ይዛ የመጣች።
አንዷ ስለ ውሃ፣ አንዷ ስለ መብራት ጠየቀች፤
ሦስተኛዋን ረሳኋት። ለሁሉም እሺ ብያለሁ።
ወረቀቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስ ግን አላየሁ።
ይልቅ አንቺ በምን መጣሽ?»
«በእግሬ።»
«ስንት ፈጀብሽ?»
«ከመጨረሻው ፌርማታ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ።»
«በይ እሱን ጻፊው። መልሴ ነው፤ አልሰጥሽም ሌላ።»
ጻፍኩት። ከሳጥኖቹ ውጪ፣ ጠርዙ ላይ፣ ከፊርማው ኋላ።
ቆጣሪው ማሽን ጠርዝ እንደማያነብ አውቃለሁ፣ ነግረውናል፤
በሥልጠናው ዕለት፣ ሁለት ጊዜ፣ አስጠንቅቀውናል።

ጀምበር ስትጠልቅ ወረድኩ። የቀኝ ጫማዬ አፉን ከፍቷል።
ነገ ክሪሴንሲዮ ጋ አደርሰዋለሁ፣
መንገዱ ሳይቆፈር።