ከዝዝ ወደ ዝም

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ እራት ሲነሳ፣
ይጀምራል ደግሞ፤ ዝዝዝ፣ ያ አበሳ።
ምድር ቤት ወርጄ፣ ከማሞቂያው ጎን፣
ሬዲዮዬን ከፍቼ ላዳምጥ ስል ሰውን፣
ከሰባት ሜጋኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ
ንብ ነው የሚተመው፣ ቀፎው የማይታይ።
መርፌው ዘጠኝ ወጥቶ እዚያው ተተከለ፤
ከሥሩ ሰው ይኑር፣ ማን አስተዋለ?

ሰው ግን ነበረ።
ራንኪን ኢንሌት፣ ከሃድሰን ወሽመጥ ዳር፣
ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህር፣
ሊቲያ ትባላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ
እርሳሴን ቀርጬ፣ እንደ ሰርገኛ ታድሜ
እጠብቃታለሁ። ያላት አምስት ዋት ነው፤
በነጥብ በሰረዝ ወሬ የምትጠልፈው፣
እኔም ከአየር ላይ መልሼ የምጠልፈው፦
ካሪቡው ማለፉን፣ ነፋስ ምን እንዳለ፣
የልጅ ልጇ ድድ ላይ ስንት ጥርስ እንደበቀለ።
አሁን ግን ያ ሁሉ ታሪኳ ተውጦ
ዝዝ ብቻ ቀረ፣ ሞገድ ላይ ተቀምጦ።

ባቢያክ ነው አልኩኝ። አጥር የምንጋራው፣
ጋራዡን ሌሊቱን ሐምራዊ የሚያበራው።
ምንትዋብ ሳቀች፦ «ማስረጃህ ምንድን ነው?
ሐምራዊ መብራት ወንጀል የሆነው መቼ ነው?»
ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ «ውድ ጎረቤቴ...»
ሦስተኛው መስመር ላይ ሕግ ጠቀሰ እብሪቴ።
ቀደድኩት።

አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። ሙያው ያስተማረኝ
አንድ ነገር ቢኖር፣ እሑድ ነዘነዘኝ፦
ብልሽት ስትፈልግ ከገዛ ሽቦህ ጀምር።
ዋናውን ማብሪያ ቀጭ።
ሬዲዮው በባትሪ፤ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
ግማሹ ዝዝ የለም። በጨለማ አፈርሁ።
የስድስት ዶላር ቻርጀር፣ ከሶፋው ጀርባ፣
ስልኬን እንደ ጥጃ ተኝቶ የሚያጠባ!
ምንትዋብ ከደረጃው ራስ፣ ሻማ እንደያዘች፣
«እና ባቢያክስ?» አለች።

ግማሽ ግን ይቀራል።
የኪሷን ሬዲዮ ይዤ ወጣሁ። ዊኒፔግ። የካቲት። ሲቀነስ ሠላሳ።
በረዶው ከጫማዬ ሥር እንደ ስኳር ሲንኮሻኮሽ
አጥር ላጥር ሄድኩኝ፣ አንቴናዋን እያዞርኩ፤
ሲጠነክር ቀኝ፣ ሲላላ ግራ አልኩ፤
ጋራዡ በር ላይ ጆሮዬን በጠሰው።
ተከፈተ በሩ፤
ባቢያክ፣ የሰማንያ ዓመት ሰው፣ ሹራብ የለበሰው።

«ምን ጠፋብህ?» አለ።
«ዝምታ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ አሳፈረኝ።
እሱ ግን አልሳቀም። «ግባ፣ ይበርዳል» አለኝ።

ሁለት መቶ ቃሪያ፣ በሐምራዊ ብርሃን፣
በእርጎ ጣሳ ውስጥ፣ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዞ ጠበቀን።
ለየረድፉ ስም አውጥቷል፤ አንዱን በሞተ ውሻው፣
የሚያቃጥለውን በአማቱ።
የመብራቷን ሳጥን ሬዲዮው ሲጠጋት
ጮኸች።
ነቀልኳት።
የባቢያክ እጅ ሄደ ወደ ጆሮው ጀርባ፣
መስሚያ መሣሪያው ላይ። «ንቡስ» አለ፣ «የት ገባ?»
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ እዚህ በገባ ቁጥር
ጆሮው ይተም ነበር። ሐኪሙ ሲናገር
«ዕድሜ ነው» ብሎታል። «እኔም አምኜው ኖርሁ።»
ቃሪያዎቹን አየሁ። መልሼ ሰካሁ።

አዲስ ሳጥን በፖስታ እስኪመጣ
ገመዱን በጥቁር የፌራይት ቀለበት ሰባቴ ጠመጠምነው፤
ረገበ እንጂ አልሞተም።
እናም ተስማማን፦ ቅዳሜ ከአንድ እስከ ሁለት
ቃሪያዎቹ ይተኛሉ።

ከዝዝ እስከ ዝም አንዲት ፊደል ናት፤
እኔን ሦስት ወር ፈጀችብኝ።

ቅዳሜ። አንድ ሰዓት። መርፌው ወረደ፣ ተኛ።
ባቢያክ ከአጠገቤ፣ ማሞቂያው ፊት፣ በምንትዋብ ወንበር።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ከታች፣ ቀጭን፣
የሰው ጣት።

«ምን አለች?»
«ነፋስ አለ ትላለች። የልጁ ጥርስም አራት ደረሰ።»
መጨረሻ የሰማሁት ሁለት ነበረ።