ሐሙስ ይምጡ

አቶ ዳና፣ ሐሙስ ይምጡ፤ ዓርብ አልጋ ይጠፋል፣
የየአገሩ ዘመድ በአንድ መናኸሪያ ይጋፋል።
ሆቴሉም ይቅርብዎ፤ ቤቴ አቶቴ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣
የኤዶም አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላው ታጥቦ ደርቋል፣ ገመድ ላይ ውሎ።
ይህን መጻፌ በስልኩ ሁሉን ማለት ስላልቻልኩ፣
እርስዎም «እሺ፣ እሺ» ሲሉኝ መስማትዎን ስለተጠራጠርኩ።
ምስጋና ግቢ ውሃ ሲጠፋ እኔ ጋ ነው የሚያጥበው፣
ሲያሰጣ አይቻለሁ፤ ሸሚዙ ሁለት፣ ሳቁ ብዙ ነው።

ከምረቃው በፊት አንድ ሳምንት፣ ግቢው ውስጥ ዕብደት አለ፤
አንዱ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ አንዱ በከሰል ተኳለ።
«ክሬዚ ዴይ» ነው ስሙ፤ በማግስቱ ደግሞ ሱፍ ነው፣
ለሁለቱም ብር ይጠይቃል። አይቆጡ፤ የልጅነት መጨረሻው ነው።
ሱፉን አዲስ አይግዙ፤ ከጎረቤት ይዋሱት፣
እጅጌው ቢረዝምም ከጋዎኑ ሥር ነው፣ ማን ያየዋል ቢያጥፉት?
ጋዎኑም ቢሆን ኪራይ ነው፤ ሰኞ መልሱ ይላሉ፣
የቆቡ ዘርፍ ከጠፋ ካስያዙት ላይ ይቆርጣሉ።
የኤዶምን ዘርፍ የጎረቤት ፍየል በላው፤
መቶ ሃያ ብር ከፈልኩ። ፍየሉን ማንም አልነካው።

በር ላይ አበባ ይሸጣሉ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፤
ሁለት መቶ ቢሉ ወደ ጥግ ይሂዱ፣ በመቶ የሚሰጥ አለ።
ፎቶ አንሺ ይከተልዎታል፤ ሳይጠሩት «ፈገግ በሉ!» ይላል፣
አንድ ብቻ ይበሉት፤ ካልሆነ ሃያ አጥቦ ያመጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ሁሉም ይሄዳል፤
ዓሣውን አጥብቀው ይያዙ፣ አባ ኮዳ ከእጅ ይወስዳል።
እዚያ ነው አጎቷ የጠየቃት፣ ዓሣው ገና ሳይበላ፤
«እንግዲህ ሥራስ?» አላት። አልበላችም ከዚያ በኋላ።
ሁለት ዓመት ፈልጋ አዳማ የቆርቆሮ ሱቅ ገባች፣
ሒሳብ ትይዛለች አሁን፤ ያን ቀን ግን እንዳልረሳች
አውቃለሁ፤ ዓሣ ስናነሳ ዝም ትላለች።
እርስዎ አይጠይቁት። ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ይቻላል።
ቢጨንቅዎ ስለ ዝናቡ ያውሩ፤ ሐምሌ ነው፣ ይዘንባል።

አሁን ዋናው። ለአንድ ተመራቂ የሚሰጡት ካርድ ሁለት ነው፤
አሥራ አራት ሰው ይዘው ቢመጡ፣ አሥራ ሁለቱ ከአጥር ውጪ ነው።
እኔም ከአጥር ውጪ ነበርኩ፤ አንዱን ካርድ ለባሌ፣
አንዱን ለዚያው አጎቷ ሰጠሁ፤ የኪስ ይልክላት ነበርና፣ ከበደሌ።
ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ ጆሮዬን ወደ ድምፅ ማጉያው።
የእነሱ ክፍል ተራ ሲደርስ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ፤
ሲመለስ ስሟ አልፏል። ታዲያ እልልታዬ የት ይደፋ?
ቀጥሎ ለተጠራው ልጅ አቀለጥኩት፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፣
እናቱ ሩቅ ነበረች ይሆናል። እልልታ ደግሞ መሬት አይወድቅም።
ስለዚህ አንዱን ካርድ ለባለቤትዎ፣ ሁለተኛው የእርስዎ፤
አጎቶቹን ይቅርታ ይጠይቁ። እኔ ከአጥሩ ጋ አለሁልዎ።

ሰኞ ዶርም ይለቀቃል። ባልዲውን ይተዉለት፣
ለታች ዓመት ልጅ ነው፤ ለምስጋናም ሌላው ነው የተወለት።
ፍራሹን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፣
አራት ዓመት የተኛበት መሃሉ ጎድጉዶ ይቀራል።
ቦዲቲ ስትገቡ ባለቤትዎ ፀሐይ ላይ አውጥተው ሊያራግፉት ቢሉ፣
ይቆይ ይበሉ።
ለጥቂት ቀን ጎድጓዳው እንዳለ ይደር፤
ይቆይ ይበሉ።