ግራው ጓንት

በሙሁ ደሴት ላይ ፖስታ አድራሹ እኔ ነኝ፤
ታኅሣሥ ሲገባ ግን ደብዳቤ ማን ሰጠኝ?
ምግብ ነው የምስበው በበረዶ ጋሪ፣
የሰው ጓዳ ሁሉ የኔ ምስጢር ነጋሪ።

አድራሻ አላነብም፤ አፍንጫዬ ያውቃል፤
የቪርቬ ብስኩት ነው፣ ወረቀት ውስጥ ይሞቃል፤
ዝንጅብሉን አብዝታ፣ ጠርዙን አሳርራ፣
ዘንድሮም ምድጃው ላይ ሰበቡን ደርድራ።
ይሄ የኡርማስ ነው፤ ጭስ የጠገበ ዓሣ፣
ከአምና ጋዜጣ ውስጥ ጅራቱን ያነሣ።
የቀይ ፍሬ ማርማላታ ክዳኑ ላልቶ ፈሰሰ፤
"ግብር ክፈል" የሚለው ደብዳቤ ጣፍጦ ደረሰ፤
ባለዕዳው ሳያነብ ዳር ዳሩን ላሰ።

የሳልሜ ጥቅል ግን ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፤
ሲዳስሱት ለስላሳ፣ የተኛ በግ ነው።
ጓንት ነው።
ከመስከረም አንሥታ መርፌ ታጋጫለች፤
የመንደሩን እጅ ሁሉ በዓይኗ ለክታለች፤
የቄሱን ሰፊ መዳፍ፣ የአስተማሪዋን ቀጭን፣
የሕፃናቱን አምና፣ የሕፃናቱን አሁን።
ለሄይኖ አንድ ብቻ፤ ቀኙን።

ግራውን የወሰደው የመረብ መዘውር ነው፣
ነፋስ ባየለበት ሌሊት፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ዘጠኝ ገና፤ ዘጠኝ ቀኝ።

እሱም ማንኪያ ይልካል።
የጥዱን ጉማጅ በጉልበቱ ቆልፎ፣
በአንድ እጁ ሲጠርብ፣ ሌሊቱ አልፎ፣ አልፎ፣
ማንኪያው ጎባጣ ነው፤ ወደ ቀኝ ያደላል፤
ሳልሜ ትስቅበታለች፤ ድስቷን ግን እሱ ያማስላል።

ዘንድሮ ጥቅሉ ወፈረ።
ዳሰስኩት፤ አውራ ጣት። ደግሞ አውራ ጣት።
ግራ ገባኝ፤
ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ራሱ ቃሉ ወጋኝ።

አይቼ ነበረ፣ ባለፈው እሑድ፦
ሻዬ ላይ ጨው ጨምራ በአባቴ ስም ጠራችኝ፣
"ጀልባህን አሰርክ ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ፤
አባቴን ከቀበርን ስንት በረዶ ቀለጠ።
ጣቶቿ ግን አንድም ቋጠሮ አልሳቱም፤
ያ የባሕር ኮከብ፣ ያ ቀይ፣ ያ ብርቱካንማ፣
እናቷ ባስተማረቻት ቦታ፣ እዚያው ናቸው።

ላውጣው ይሆን ግራውን? ኪሴ ውስጥ ልደብቀው?
እስከ ባሕሩ ዳርቻ ራሴን ስጠይቀው፣
ጋሪዬ መለሰልኝ እየተንሲያጠጠ፦
በሰው ስጦታ ላይ ፖስታ አድራሽ ምን አገባው?

ሄይኖ ሲባጎውን በጥርሱ ፈታ።
አየ።
ምድጃው ብቻ ነው ያወራ ለአንድ አፍታ።
"ረስታ ነው" አልኩት፣ ዓይኑን ሸሽቼ፣
የጫማዬን በረዶ እያራገፍኩ።
"ረስታ?" አለ።
"ሁለት እጅ ያለውን ሄይኖ
እኔ ራሴ ከረሳሁት ቆየሁ፤
እሷ ዘንድ ነበር እንዴ?"

ግራውን በጉቶው ላይ ቀስ አድርጎ አጠለቀ፤
የአውራ ጣቱ ባዶ ቤት ዘመም አለ፣ ወደቀ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብርድ የበላው ጉቶ!
እኛ፣ አስታዋሾቹ፣ የሄደውን ቆጥረን፣
የቀረውን ክንድ ራቁቱን አስቀርተን፣
በየገናው ቀኝ፣ ቀኝ እያልን።

ማንኪያውን ሰጠኝ፤ ዘንድሮም ጎባጣ፤
ከበሩ ተከትሎኝ በሸሚዝ ብቻ ወጣ።
"ምን ልበላት?" አልኩት።
ግራውን ከፍ አደረገ፣ ጓንቱን፣ እስከ ጆሮው፤
"ልክ ነው፣ በላት።"